በአንድ ስልክ ማስተማር፦ ከዝግጅት እስከ ምዘና

ለመጀመሪያ ጊዜ ቪዲዮ ይዤ ክፍል የገባሁ ዕለት ርዕሱ ክፍልፋይ ነበር። ቪዲዮው የሚያምር ነው፤ ቀለሙና ሙዚቃው ልጆቹን ሰባት ደቂቃ ሙሉ ጸጥ አሰኝቷቸዋል። ሲያልቅ «ገባችሁ?» አልኳቸው። «ገባን!» አሉ በአንድ ድምፅ። ከፊት የተቀመጠችው ልጅ ደብተር ላይ 1/3 እና 1/4 ጽፌ የትኛው እንደሚበልጥ ጠየቅኋት። ሳታመነታ ጣቷን 1/4 ላይ አሳረፈች። «ለምን?» ስላት «አራት ከሦስት ስለሚበልጥ» አለችኝ። አጠገቧ ያሉትም በጭንቅላታቸው ንቅናቄ ተስማሙ።

ልጆቹ ሰባት ደቂቃ አይተዋል፤ አንድም ነገር ግን አልሠሩም። ከዚያ ወዲህ ስልክ ይዤ ክፍል ከመግባቴ በፊት «ልጁ በዚህ ሰዓት ምን ይሠራል?» ብዬ እጠይቃለሁ። ከዚህ በታች ያሉት አሠራሮች በሙሉ ከዚያ ጥያቄ የመጡ ናቸው። የሚያስፈልጋችሁ አንድ ስማርት ስልክ፣ ወረቀትና እርሳስ ነው። ኢንተርኔት አልፎ አልፎ ከተገኘ ይበቃል። መምህራንን እያሰብኩ ብጽፈውም ቤት ውስጥ ልጅ ለሚያስጠና ወላጅም አብዛኛው ይሠራል።

መጀመሪያ ዓረፍተ ነገሩ፣ ከዚያ ስልኩ

ወረቀት አውጡና «ክፍለ ጊዜው ሲያልቅ ልጁ … » ብላችሁ ጀምሩ። ዓረፍተ ነገሩን የሚዘጋው ግስ በዓይን የሚታይ ወይም በጆሮ የሚሰማ ይሁን፦ ያወዳድራል፣ ያነባል፣ ይስላል፣ ይለካል፣ ለጓደኛው ያስረዳል። «ይገነዘባል» ወይም «ያውቃል» ብላችሁ አትጻፉ፤ መገንዘቡን በምን እንደምታዩት አይነግራችሁም።

ከሥሩ ደግሞ ልጁን የሚያደናቅፈው ነገር ምን እንደሆነ ጻፉ። በእኔ ክፍል ዕንቅፋቱ ታሕቱ በጨመረ ቁጥር ቁራጩ እንደሚያንስ ልጆቹ አለማየታቸው ነበር። መሣሪያ የምትመርጡት ለዚህ ዕንቅፋት ነው። ስልክ በእርግጥ ሲያግዝ ያየሁት በአራት ሥራዎች ነው፦ በእጅ ሊያዝ የማይችልን ነገር ልጁ እያንቀሳቀሰ እንዲያየው ማድረግ፣ የልጁን ድምፅና ሥራ ለራሱ መልሶ ማሰማትና ማሳየት፣ መልሱ ትክክል መሆን አለመሆኑን ወዲያው መንገር፣ አንድን ነገር ሳይሰለቹ መድገም። ዕንቅፋቱ ከእነዚህ በአንዱም የማይነሳ ከሆነ ስልኩ ቦርሳ ውስጥ ይደር።

ፔሩ በገጠር ትምህርት ቤቶች ለልጆች ላፕቶፕ አድላ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2012 ይፋ የሆነና 319 ትምህርት ቤቶችን ያካተተ ጥናት ልጆቹ በሒሳብና በቋንቋ ፈተና ላፕቶፕ ካልደረሳቸው ልጆች የተለየ ውጤት እንዳላመጡ አሳየ። መሣሪያው በእጃቸው ነበር፤ ከዕለቱ ትምህርት ጋር የሚያያይዘው አሠራር ግን እምብዛም አልነበረም። የበጀት እጥረት ላለበት መምህር ይህ የሚያጽናና ወሬ ነው፤ አንድ ስልክ በደንብ ከታሰበበት ብዙ ሥራ ይሠራል።

ማታ የሚያልቅ ዝግጅት

ክፍል ውስጥ ገብቶ ኔትወርክ መፈለግ የልጆችን ጊዜ መብላት ነው። የምትጠቀሙበትን ሁሉ ቀድማችሁ አውርዱ፤ ስልኩን አውሮፕላን ሞድ ላይ አድርጋችሁ ከፍታችሁ ሞክሩ። በዚህ ሁኔታ ከሠራ ክፍልም ይሠራል። አውሮፕላን ሞድ ሌላም ጥቅም አለው፤ በመሀል ስልክ አይደወልም፣ የግል መልእክት በልጆች ፊት ብቅ አይልም፣ ከኢንተርኔት የሚመጣ ማስታወቂያም ይቀራል።

ቀጥሎ ስልኩን አንድ አፕ ላይ ቆልፉት። በብዙ አንድሮይድ ስልኮች ሴቲንግ ውስጥ ሴኩሪቲ በሚለው ሥር «አፕ ፒኒንግ» ወይም «ስክሪን ፒኒንግ» የሚል አለ። እሱን አብሩ፤ ለመውጣት የይለፍ ቁጥር እንዲጠይቅ የሚያደርገውንም ምረጡ። ከዚያ አፑን ከፍታችሁ በቅርብ የተከፈቱ አፖች ዝርዝር ውስጥ የአፑን ምልክት ስትነኩ «ፒን» የሚል ይመጣል። ልጁ የፈለገውን ቢነካ ከዚያ አፕ አይወጣም። በአይፎን ይህን የሚሠራው «ጋይድድ አክሰስ» ነው፤ አክሰሲቢሊቲ ውስጥ ታገኙታላችሁ። ስልኩ የእናንተ የግል ከሆነ ይህን ደረጃ በፍጹም አትዝለሉ። ፎቶዎቻችሁና መልእክቶቻችሁ ያሉበትን ነገር ለልጅ ስትሰጡ መቆለፍ ልጁንም እናንተንም ይጠብቃል።

ድምፁ ለክፍሉ ካነሰ ስልኩን ባዶ ሰፊ ኩባያ ውስጥ አቁሙት፤ ጉልህ ለውጥ ታያላችሁ።

ክፍልፋይን በአምስት ቡድን

ያንን የተበላሸ ትምህርት በሚቀጥለው ሳምንት እንደገና አስተማርኩት። አሠራሩን በዝርዝር የማሳየው ሌላ ርዕስም በዚሁ መንገድ ስለሚሄድ ነው።

የክፍለ ጊዜው የመጀመሪያ አሥር ደቂቃ ያለ ስልክ ነው። እያንዳንዱ ልጅ ርዝመታቸው እኩል የሆኑ ሁለት ቀጫጭን ወረቀቶች ያዘጋጃል። አንዱን ሦስት ቦታ፣ ሌላውን አራት ቦታ እኩል ያጥፋል፤ ከየአንዳንዱ አንድ ቁራጭ ቀዶ ጎን ለጎን ያስቀምጣል። ሦስት ቦታ እኩል ማጠፍ ለትንንሽ እጆች ይከብዳል፤ አትቸኩሉ፣ አጥፈው ይፍቱ፣ እንደገና ይሞክሩ። ሐሳቡ የሚገባው እዚያ ትግል ውስጥ ነው። ያቺ ልጅ ሁለቱን ቁራጮች አነጻጽራ ስታይ መጀመሪያ አጠፋፌ ተሳስቷል ብላ ወረቀቱን ገልብጣ እንደገና ለካችው።

ከዚያ ስልኩ ይመጣል። በአሜሪካ የኮሎራዶ ቦልደር ዩኒቨርሲቲ የሚያዘጋጀው «ፌት» የሚባል የሲሙሌሽን (ልጁ ስክሪን ላይ እየነካ የሚሞክረው ማሳያ) ስብስብ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2002 የጀመሩት በ2001 በፊዚክስ የኖቤል ሽልማት ያገኙት ካርል ዊማን ናቸው። ነፃ ነው፤ ብዙዎቹን ሲሙሌሽኖች አውርዶ ያለ ኢንተርኔት በብራውዘር መክፈት ይቻላል። ከእነሱ ውስጥ «ፍራክሽንስ ኢንትሮ» የሚለው አንድን ክብ ወይም ዘንግ ልጁ በተለያየ ቁጥር እንዲከፍለው ያስችላል። በወረቀት 1/7 ማጠፍ ያስመርራል፤ እዚህ ግን በአንድ ንክኪ ይገኛል። ስልኩ የተፈለገው ለዚህ ብቻ ነው።

አርባ ልጅ አንድ ስልክ ማየት ስለማይችል ክፍሉን አምስት ቡድን አድርጉት። እያንዳንዱ ቡድን ከስልኩ ጋር አምስት ደቂቃ ይኖረዋል፤ ሌሎቹ አራቱ በዚያ ጊዜ ደብተራቸው ላይ የተሰጣቸውን የክፍል ሥራ ይሠራሉ። በ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ አሥሩ ለወረቀት፣ ሃያ አምስቱ ለቡድኖች፣ የቀረው አምስት ለማጠቃለያ ይሆናል። ቡድን ውስጥ አንዱ ስክሪኑን ይነካል፣ አንዱ ጥያቄውን ያነባል፣ የቀሩት ግምታቸውን ይጽፋሉ፤ በየጥያቄው ይቀያየራሉ። ሳይቀያየሩ ከተዋችኋቸው ደፋሩ ልጅ አምስቱንም ደቂቃ ይዞት ይቀራል።

አንድ ሕግ ብቻ አጥብቃችሁ አስከብሩ፦ ግምቱ ደብተር ላይ ሳይሰፍር ስክሪኑ አይነካም። «1/6 እና 1/8፤ የትኛው ይበልጣል? ጻፉ። አሁን ንኩ።» ግምቱ የተጻፈ ልጅ ስክሪኑን የሚያየው መልሱን ለማወቅ ጓጉቶ ነው። ያልገመተ ልጅ የሚያየው ቀለም ነው።

ጥያቄ በቴሌግራም

ሄንሪ ሮዲገርና ጄፍሪ ካርፒኪ የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት ሙከራ ተማሪዎች አጭር ጽሑፍ አነበቡ። ከፊሎቹ ጽሑፉን ደግመው አነበቡ፤ ከፊሎቹ ወረቀቱ ተወስዶባቸው የሚያስታውሱትን ጻፉ። ከሳምንት በኋላ ሲፈተኑ ደግመው ያነበቡት 42 በመቶውን፣ ለማስታወስ የሞከሩት 56 በመቶውን አስታወሱ። የተፈተኑት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ቢሆኑም ነገሩን ከልጆች ጋርም ደጋግሜ አይቼዋለሁ። ስለዚህ ጥያቄን ለማርክ ብቻ አትጠቀሙበት፤ ራሱ የማስተማሪያ መንገድ ነው።

ቴሌግራም ግሩፕ ካላችሁ እንዲህ ይሠራል፦

1. ግሩፑ ውስጥ የማያያዣውን ምልክት ነክታችሁ «ፖል» የሚለውን ክፈቱ።
2. ጥያቄውን ጻፉ፤ ምርጫዎቹን ከሥሩ አስገቡ።
3. «ኩዊዝ ሞድ» የሚለውን አብሩና ትክክለኛውን መልስ ምልክት አድርጉበት።
4. ማብራሪያ መጻፊያ ሲመጣ አጭር ምክንያት ጻፉ፤ ልጁ ሲሳሳት የሚያየው እሱን ነው።
5. ማን ምን እንደመለሰ ማየት ከፈለጋችሁ «አኖኒመስ» የሚለውን አጥፉ። እኔ ብዙ ጊዜ አላጠፋውም፤ የተሳሳተ ልጅ ስሙ በግሩፑ ፊት ባይታይ ይሻላል።
6. ላኩት። በማግስቱ አንድ፣ ከሳምንት በኋላ ደግሞ ሌላ ተመሳሳይ ጥያቄ ላኩ።

ከቴክኒኩ የሚከብደው የተሳሳቱ ምርጫዎችን መጻፍ ነው፤ ጊዜያችሁንም እዚያ ላይ አውሉት። እያንዳንዱ የተሳሳተ ምርጫ ልጆች በእርግጥ የሚያስቡትን ስሕተት ይያዝ። ለምሳሌ «ትልቁ የቱ ነው?» ብላችሁ 1/3፣ 1/8 እና «እኩል ናቸው» የሚሉትን ብታቀርቡ፣ 1/8ን የመረጠ ልጅ ታሕቱን እንደ ሙሉ ቁጥር እያነበበ ነው። «እኩል ናቸው» ያለው ደግሞ ላዕሉን ብቻ አይቷል። ሁለቱም ተሳስተዋል፤ ነገ የሚያስፈልጋቸው ትምህርት ግን ይለያያል። እንዲሁ በዘፈቀደ የተደረደረ ምርጫ ይህን አያሳያችሁም።

ልጆቹ ስልክ ከሌላቸው «ፕሊከርስ» የሚባል መላ አለ። ካርዶቹን ከድረ ገጹ አውርዳችሁ በወረቀት ታትማላችሁ፤ የእያንዳንዱ ልጅ ካርድ ቅርጹ የተለየ ነው፣ የሚይዝበት አቅጣጫ መልሱን ይወስናል። ጥያቄውን ሰሌዳ ላይ ትጽፋላችሁ፣ ልጆቹ ካርዳቸውን ያነሳሉ፣ እናንተ የስልካችሁን ካሜራ ክፍሉ ላይ ታዞራላችሁ፤ መልሱ በሙሉ ስልካችሁ ላይ ይሰፍራል። ከጎረቤት መቅዳት ከባድ ነው፤ እጅ ለማውጣት የሚያፍረው ልጅም ይመልሳል። በወፍራም ወረቀት አትሙት፤ ስስ ወረቀት ሲታጠፍ ካሜራው ማንበብ ያቅተዋል።

የልጁን ንባብ ለልጁ ማሰማት

ከዚህ ሁሉ አንድ ብቻ ምረጥ ብባል ይህን እመርጣለሁ። ኢንተርኔት አይፈልግም፣ ገንዘብ አያስወጣም፣ ስልኩ ላይ ያለው ድምፅ መቅጃ ይበቃል።

ከ60 እስከ 100 ቃል ያለው፣ ለልጁ ትንሽ ቀለል የሚል ምንባብ ምረጡ። ልጁ ጸጥ ካለ ጥግ ተቀምጦ ሲያነብ አንድ ደቂቃ ቅዱት። በመሀል አታርሙት፤ ይህ በጣም ይፈትናችኋል። ከዚያ እርሳስ ስጡትና ቅጂውን ክፈቱለት፤ በጣቱ ምንባቡን እየተከተለ የዘለለውን ወይም የተሳሳተበትን ቃል ራሱ ያስምርበት።

አማርኛ ማጥበቅና ማላላትን በፊደል ስለማያሳይ ይህ ጨዋታ ለእኛ ቋንቋ ልዩ ጥቅም አለው። አንድ ልጅ «ልጁ ቤት አለ» የሚለውን «አለ»ን አላልቶ አነበበው። ሲያነብ ምንም አልታየውም። ድምፁን ሲሰማ ግን ጣቱ ቆመ፤ «ቤት ምን አለ?» ብሎ ጠየቀ። ቀና ብሎ አየኝና «አለ» ብሎ አጥብቆ ደገመው። እኔ አርሜው ቢሆን ኖሮ ቃሉን ብቻ ነበር የሚይዘው፤ ራሱ ሰምቶ በማረሙ ግን የሚያነበው ነገር ትርጉም ሊሰጥ እንደሚገባ ያዘ።

ካሰመረባቸው ሦስቱን ብቻ ተለማምዶ እንደገና ይቀዳ። የሁለቱን ቅጂዎች ልዩነት ማንም ሳይነግረው ይሰማዋል። የመጀመሪያውንና የወሩን የመጨረሻ ቅጂ በቀን ሰይማችሁ አስቀምጡ፤ የመሀሉን አጥፉት። ወላጅ ሲመጣ ማርክ ከማሳየት ይልቅ ሁለቱን ቅጂዎች አሰሟቸው።

ምንባብ ካጠራችሁ «አፍሪካን ስቶሪቡክ» በሚባለው ድረ ገጽ በነፃ የሚወርዱ አጫጭር የልጆች ታሪኮች አሉ፤ በአማርኛም ታገኛላችሁ። መጻፍ ለሚከብደው ልጅ ደግሞ የጉግል ኪቦርድ የድምፅ ጽሕፈት ከ2017 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ አማርኛ ይሰማል። ልጁ ታሪኩን ይናገራል፣ ስልኩ ይጽፋል፤ ስልኩ የሚሳሳታቸውን ቃላት ማረም ደግሞ የልጁ ሥራ ይሆናል። ይህ ኢንተርኔት ሊፈልግ ስለሚችል ቀድማችሁ ሞክሩት።

የራሳችሁ ቪዲዮ

ከዩቲዩብ ቆንጆ ቪዲዮ ከመፈለግ የራሳችሁን እጅ መቅረጽ ይሻላል፤ ልጆቹ ድምፃችሁን ያውቁታል፣ የምትጠቀሙትም ቃል የክፍሉ ቃል ነው። መጻሕፍት ደራርባችሁ ስልኩን ጫፋቸው ላይ ወደታች አስተኙት፣ ከሥሩ ነጭ ወረቀት አድርጉ፣ ብርሃኑ ከጎን ከመስኮት ይምጣ። ፊት መታየት የለበትም፤ እጅና ድምፅ በቂ ነው። ከሦስት ደቂቃ አይለፍ። እ.ኤ.አ. በ2014 ኤዴክስ በሚባለው የኦንላይን ትምህርት መድረክ ላይ 6.9 ሚሊዮን የቪዲዮ ዕይታዎችን የመረመረ ጥናት የአዋቂ ተማሪ ትኩረት እንኳ ስድስት ደቂቃ አካባቢ እንደሚያልቅ አሳይቷል። በመሀል «አሁን ቪዲዮውን አቁሙና ሥሩት» ብላችሁ ጥያቄ አስገቡ። ስትልኩት አነስተኛውን ጥራት ምረጡ፤ ዳታ የሚገዛው ወላጁ ነው።

ለቤት የሚላክ ትምህርት

እ.ኤ.አ. በ2020 ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ ቦትስዋና ውስጥ ወደ 4,500 የሚጠጉ ቤተሰቦችን ያካተተ ሙከራ ተደርጎ ነበር። ለአንዳንዶቹ በየሳምንቱ የሒሳብ ጥያቄ በአጭር የጽሑፍ መልእክት ተላከ፤ ለሌሎቹ በመልእክቱ ላይ የመምህር የስልክ ጥሪ ተጨመረ። የተደወለላቸው ልጆች በግልጽ ተሻሻሉ፤ መልእክት ብቻ የደረሳቸው ግን ያን ያህል አልተለወጡም። ስማርት ስልክ እንኳ አላስፈለገም።

እኔ ከዚህ የወሰድኩት፣ ወደ ቤት የሚሄድ ሥራ ሁሉ የሰው ድምፅ ይከተለው የሚለውን ነው። ሃምሳ ልጅ ላይ መደወል አይቻልም፤ ግን ጥያቄ ወደ ግሩፑ ከላካችሁ በኋላ በሳምንት አምስት ልጅ ላይ መደወል ይቻላል። ስልኩን ወላጁ ያንሳ፣ ድምፁ ለሁለቱም ይሰማ። «መልሱ ስንት ነው?» ከማለት «እንዴት አድርገህ ነው የሠራኸው?» በሉት፤ ለሴት ልጅም እንዲሁ። ዝም ካለ ዝም በሉ። እያሰበ ሊሆን ይችላል።

ልጁን ስለመጠበቅ

ብዙ አፖች ተጠቃሚያቸው 13 ዓመት እንዲሞላው የሚጠይቁት በ1998 (እ.ኤ.አ.) የወጣው የአሜሪካ የልጆች ግላዊ መረጃ ሕግ ከ13 ዓመት በታች ያሉትን መረጃ ያለ ወላጅ ፈቃድ መሰብሰብ ስለሚከለክል ነው። ዕድሜ ዋሽቶ መመዝገብን ለልጅ አታስተምሩት። የትንንሽ ልጆች ግሩፕ የወላጆች ግሩፕ ይሁን። የልጅ ፎቶ፣ ሙሉ ስም፣ ማርክ በግሩፕ አይለጠፍ፤ የድምፅ ቅጂም ለልጁ ወላጅ ብቻ በግል ይላክ።

ቻትቦትን (ስትጠይቁት በጽሑፍ የሚመልስ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ፕሮግራም) ለዝግጅት መጠቀም ይቻላል። «በዚህ ርዕስ ልጆች የሚሠሯቸውን ስሕተቶች ዘርዝር» ብትሉት የኩዊዝ ምርጫ ለመጻፍ ያግዛል። መልሱን ግን ቃል በቃል አረጋግጡ፤ በአማርኛ ሲጽፍ በልበ ሙሉነት ይሳሳታል፣ የሒሳብ መልሱም ሊስት ይችላል። የተማሪ ስም በፍጹም አታስገቡበት። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው መመሪያ ልጆች ራሳቸው በክፍል ውስጥ እንዲህ ያለውን መሣሪያ ለመጠቀም ቢያንስ 13 ዓመት እንዲሞላቸው መክሯል። ከ5 ዓመት በታች ላሉት ደግሞ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ያወጣው ምክር ከ2 እስከ 4 ዓመት ላሉ ልጆች የስክሪን ጊዜ በቀን ከ1 ሰዓት እንዳይበልጥ፣ ባነሰ ቁጥርም የተሻለ እንደሆነ ይናገራል።

ከሁለት ሳምንት በኋላ

የመጨረሻው ምዘና ያለ ስልክ ነው። ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ሳትነግሯቸው፣ ለየልጁ ሦስት ጥያቄ ያለበት ሩብ ወረቀት ስጡ። ሁለቱ ቁጥራቸው የተቀየረ የዱሮ ጥያቄ ይሁኑ፤ ሦስተኛው «ለምን?» የሚል ይሁን። የልጆቹን ወረቀት በሦስት ክምር ለዩት፦ መልሱም ምክንያቱም ትክክል የሆነ፣ መልሱ ብቻ ትክክል የሆነ፣ ሁለቱም የሳተ። ሁለተኛው ክምር ከሁሉ በላይ የሚያሳስባችሁ ይሁን፤ እነዚህ ልጆች ስክሪኑ ላይ መልስ ማግኘት ለምደዋል፣ ነገሩ ግን አልገባቸውም። ከእነሱ ጋር ወደ ቪዲዮው ወይም ወደ ሲሙሌሽኑ አትመለሱ። የሚታጠፈውን ወረቀት መልሳችሁ አውጡ።